በባሌ ደጋ ስለ ወንዝ ውሃ ንጽሕናና ስለ እርሻ መርዝ አጠባበቅ

በባሌ ደጋ እርሻና ውሃ ተለያይተው የሚታሰቡ ነገሮች አይደሉም። ከሳነቴ አምባ የሚወርዱት ወንዞች፥ ቶጎና በጎባ በኩል፥ ሻያም በሮቤ በኩል፥ የስንዴውን ሜዳ እያቋረጡ ሄደው ከወይብ ጋር ይገናኛሉ። ወይብም በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ቆላ ይወርድና ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል፤ ገናሌም በዶሎ ከዳዋ ጋር ሲገናኝ ጁባ ተብሎ ወደ ሶማልያ ምድር ይገባል። እንግዲህ በሲናና ሜዳ ላይ አንድ ገበሬ የመርዝ መርጫውን በወንዝ ዳር ቢያጥብ፥ እጣቢው ከእርሱ በታች ላለው ሕዝብ ሁሉ ይወርዳል። ምንም እንኳ እየራቀ በሄደ ቁጥር እየቀጠነ ቢሄድ፥ በቅርብ ያለው ጎረቤቱ ግን ወፍራሙን ይጠጣዋል።

ይህ ትምህርት ለአስተዳዳሪዎች፥ ሰፊ እርሻ ለያዙ ሰዎችና ለወረዳ ሹማምንት የተዘጋጀ ሲሆን ዋናው ነገሩ ይህ ነው፤ ውሃው መበላሸቱን ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው ከታች ሆኖ የሚቀዳው ባላገር ነው። ስለዚህ የባላገሩን አቤቱታ እንደ ነቀፋ ሳይሆን እንደ ምስክርነት መቀበል ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ግን መርዙ ወደ ሜዳው ስለ ምን እንደ ገባ ማወቅ ይገባል፤ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ገበሬውን መውቀስ ትክክለኛ ፍርድ አይደለምና። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል። ባላገሩ አዝመራውን በሚታጨድበት ወራት ስም እየጠራ፥ በመጋቢትና በሚያዝያ ተዘርቶ በክረምት የሚሰበሰበውን «ገንና»፥ በሐምሌና በነሐሴ ተዘርቶ በበጋ የሚሰበሰበውን «ቦና» ይለዋል። ምድሩ ለጥ ያለ ስለ ሆነ ትራክተርና ኮምባይነር እንደ ልብ ይሄዱበታል፤ በደርግ ዘመንም ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ተቋቁመውበት ነበር። ከዚህም የተነሣ በስንዴ ላይ ስንዴ መዝራት ስለ ተለመደ፥ ሙጃና ሲናር የተባሉት አረሞች በረቱ፤ በእጅ አርሞ መጨረስም የማይቻል ሆነ።

ቀጥሎ ደግሞ ዋግ መጣ። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ በብዙ የኢትዮጵያ የስንዴ አገሮች ተነሥቶ አዝመራ አጠፋ። ገበሬው ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል ብሎ ዲገሉ የተባለውን ዘር አብዝቶ ቢዘራ፥ በ2006 ዓ.ም. ያው ዘር በባሌ በግንድ ዋግ ተመታ። እንዲህ ያለ ዓመት ያየ ሰው የዋግ ማጥፊያ በቤቱ ሳያስቀምጥ አይተኛም። ስለዚህ ገበሬውን መርዙን ፈጽሞ ተው ማለት፥ ልጆችህን በራብ ቅጣ እንደ ማለት ሆኖ ይሰማዋል። መርዙ በዓመት ሁለት አዝመራ የሚረጭ በመሆኑ ግን፥ ወደ ወንዙም በዓመት ሁለት ጊዜ የሚገባበት በር ተከፍቶአል።

በብዙ ስፍራ ገበሬው ይህን ነገር «መድኃኒት» ብሎ መጥራቱ ብዙ ጥፋት አምጥቶአል። መድኃኒት የተባለ ነገር አይፈራም፤ በቤት ውስጥ ከእህል ጋር ይቀመጣል፥ በጥርስ ይከፈታል፥ ዕቃውም ባዶ ሲሆን ለወተት ወይም ለዘይት ይሆናል። ሹማምንት በስብሰባ ላይ በሚናገሩበት ጊዜ መርዝ ብለው በስሙ ቢጠሩት፥ ስሙ ብቻ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

መርዙ ወደ ውሃ የሚገባበት መንገድ ብዙ ቢሆንም፥ ከሁሉ የሚከፋው ገበሬው ወደ ወንዝ ይዞት የሚወርደው ነው። ይህን የሚያደርገው ስለ ክፋት አይደለም። ለአንድ ሄክታር ስንዴ የአረም ማጥፊያ ለመርጨት 200 ሊትር ያህል ውሃ ያስፈልጋል። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ የሚይዘው ከ15 እስከ 20 ሊትር ስለ ሆነ፥ ሰውየው ከ10 እስከ 14 ጊዜ መሙላት ግድ ይሆንበታል። ይህን ሁሉ ውሃ ተሸክሞ ወደ ማሳው ከሚመላለስ፥ መርጫውንና የመርዙን ጠርሙስ ይዞ ወደ ወንዙ ቢወርድ ይቀልለዋል። በዚያም ከውሃው አፍ ላይ ይበጠብጠዋል፥ ይፈስስበታል፤ በማታም መርጫውን አጥቦ፥ እጁንና ልብሱንም አጥቦ ይመለሳል። በማግሥቱ ከዚያው ስፍራ ሴቶች በጀሪካን ይቀዳሉ፥ ከብቶችም ይጠጣሉ። እንግዲህ ለዚህ ነገር የሚሻለው ስብከት ሳይሆን በርሜልና ጋሪ ነው። በሮቤ የፈረስ ጋሪ ሞልቶአል። በርጭት ወራት ጥቂት በርሜሎች በጋሪ ተጭነው ውሃውን ወደ ማሳው ዳር ቢያመላልሱ፥ ገበሬው ወደ ወንዝ የሚወርድበት ምክንያት ይጠፋል። ሰፊ እርሻ የያዘ ሰው ይህን ለራሱ ሠራተኞች ማድረግ አያቅተውም፤ ለአነስተኞቹ ገበሬዎች ደግሞ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሊያደርግላቸው ይችላል።

የቀረው መርዝ የሚገባው በነፋስና በዝናብ ነው። ነፋስ ሲነሣ የተረጨ መርዝ ከማሳው ወጥቶ በወንዙና በጎረቤት ባቄላ ላይ ያርፋል። ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ስለሚጎዳ፥ የባቄላው፥ የአተሩና የተልባው ባለቤት የሚከስሰው በከንቱ አይደለም። ዝናብ ሊዘንብ ሲል የተረጨም መርዝ አረሙን ሳይገድል ከአፈር ጋር ታጥቦ ይወርዳል፤ ገበሬው ገንዘቡንም ውሃውንም በአንድ ቀን ያጠፋል።

የመርዝ ነገር ከሌላው የውሃ እድፍ የሚለይበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ። በተሐዋስያን የተበላሸ ውሃ ቢፈላ ወይም የውሃ ማከሚያ ቢጨመርበት ይድናል። መርዝ የገባበት ውሃ ግን በማፍላት አይነጻም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ መርዙ ሊወፍር ይችላል። ስለዚህ «ውሃችሁን አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው የተለመደ መልስ በዚህ ነገር ላይ መልስ አይሆንም። ከወይብ በታች ያለው የሶፍ ዑመር ምድር ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው፤ በእንዲህ ያለ ምድር ውሃው በስንጥቅና በዋሻ ፈጥኖ ስለሚያልፍ፥ በአሸዋና በአፈር ውስጥ እንደሚያልፍ ውሃ አይጣራም።

አንዳንዱ መርዝ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፤ አንዳንዱ ግን ለብዙ ዘመን ይኖራል። ዲዲቲ በስብ ውስጥ የሚከማች ስለ ሆነ በዝዋይ ሐይቅ ዓሦች፥ በጅማ አካባቢም በእናቶች ወተት ውስጥ መገኘቱን የኢትዮጵያ ሊቃውንት መርምረው አረጋግጠዋል። ሳይፈለግ የቀረ መርዝም የሚያመጣውን ዕዳ ኢትዮጵያ በብዙ ወጪ ተምራዋለች። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ ከብዙ ዓመት ጀምሮ የመጣው መርዝ ጊዜው አልፎበት በብዙ መቶ ስፍራዎች ተከማችቶ ዕቃው እየዛገ ሲፈስ ስለ ተገኘ፥ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ረዳትነት ከሺህ ቶን የሚበልጠው ተሰብስቦ እንዲቃጠል ወደ ፊንላንድ በመርከብ ተላከ። በወረዳ መጋዘን ጥግ የተረሳ በርሜል ያለው ሹም ይህን ያስታውስ።

የመጋዘን ነገር ከተነሣ፥ በ1979 ዓ.ም. ጥቅምት 22 ቀን በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ የሆነውን መናገር ይጠቅማል። በራይን ወንዝ ዳር የእርሻ መርዝ የተከማቸበት መጋዘን ተቃጠለ፤ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ መርዙን ጠርጎ ወደ ወንዙ አገባው። ዓሣው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ድረስ አለቀ፤ በታች ያሉት የጀርመንና የሆላንድ ከተሞችም ለጊዜው ከወንዙ መቅዳት ተዉ። የወንዙ ዳር ሕዝብ በአደባባይ ወጥቶ ስለ ጮኸ፥ መንግሥታቱ በ1980 ዓ.ም. ወንዙን ለማዳን በአንድነት ተስማሙ። መጋዘኑ በወንዝ ዳር መሆኑ ጥፋቱን አባሰው። በሮቤም ሆነ በጎባ፥ በአሊም ሆነ በአጋርፋ፥ ለመርዝ መሸጫና ማስቀመጫ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም አስቀድሞ ወንዙ ወይም ምንጩ የት እንዳለ በእግሩ ሄዶ ይመልከት።

አሁን ስለ አቤቱታው ነገር እንመለስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ44ኛው አንቀጽ ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶአል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በ11ኛው አንቀጽ፥ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፥ አካባቢን የሚጎዳን ሰው ሥልጣን ላለው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ሊከስስ እንደሚችል ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፥ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልተስማማ፥ በ60 ቀን ውስጥ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። ስለ መርዙም ራሱ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መርዝ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ይከለክላል። እንግዲህ በወንዝ ዳር የምትኖር ሴት ወደ ወረዳው መጥታ «ውሃው ይሸታል፥ ጥጃዬም ታመመብኝ» ብትል፥ የምትለምነው ውለታ አይደለም፤ መብቷን ነው የምትጠይቀው። አንዳንድ ሹም ግን እንዲህ ያለውን ሰው «ልማት ያደናቅፋል» ብሎ ሲመልስ ይታያል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ አቤቱታው ቢዘጋ ወንዙ አይጠራም፥ ጠቡ ግን በላይኛውና በታችኛው መንደር መካከል ይቀጥላል።

ደግሞ አቤቱታ ሁሉ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ከዝናብ በኋላ ውሃው የሚቀላው በአፈር ነው። ከብትም በጉበት ትልና በሌላ በሽታ ይሞታል። ስለዚህ ነገሩ በምርመራ ይለይ። አቤቱታው ሲቀርብ ቀኑና ሰዓቱ፥ የተቀዳበት ስፍራ፥ የውሃው ሽታና መልክ፥ የሞተ ዓሣ መኖሩና አለመኖሩ፥ በላይ በኩል በእነዚያ ቀኖች ማን ምን እንደ ረጨ ይጻፍ። ውሃውም በንጹሕ ጠርሙስ ጢም ብሎ ተሞልቶ፥ ፀሐይ እንዳያየው ተሸፍኖ፥ በቀዝቃዛ ስፍራ ሆኖ ሳይውል ሳያድር ወደ ምርመራ ቤት ይላክ። መርዝ ወንዝን አልፎ ለመሄድ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትምና፥ በሳምንቱ የተቀዳ ውሃ ምንም ሳያሳይ ቢቀር ባላገሩ ዋሸ አያሰኝም።

ባላገሩ ራሱ ተሰብስቦ የሚሠራው ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከደቡብ አንድ ምሳሌ ማምጣት ይቻላል። ፓን ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር፥ በዶክተር ታደሰ አመራ መሪነት፥ በዝዋይና በአርባ ምንጭ አካባቢ ስለ እርሻ መርዝ ጉዳት ሲያስተምር ቆይቶአል። በአርባ ምንጭ የጥጥ ገበሬዎች ማሳቸውን እየዞሩ ጎጂውን ተባይ ከጠቃሚው ነፍሳት መለየት ተማሩ፤ ተባዩን የሚበሉትን ነፍሳት ወደ ጥጡ የሚስብ ምግብ እያዘጋጁ በመርጨትም መርዙን ተዉ። ስንዴ እንደ ጥጥ አይደለም፥ ዋግም ተባይ አይደለም፤ ስለዚህ ያ ሥራ እንዳለ ወደ ባሌ አይገለበጥም። የሚወሰደው ግን ገበሬው ከመርጨቱ በፊት ማሳውን የማየት ልማዱ ነው። በ1978 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲናና እርሻ ምርምር ማዕከልም በቅርብ ስላለ፥ ዋግን የሚቋቋም ዘር ማግኘትና ስንዴውን ከባቄላ፥ ከአተርና ከተልባ ጋር ማፈራረቅ ይቻላል። አረሙ የሚበረታው ስንዴው ስለማይለወጥ ነውና፥ ይህ ከሁሉ የረከሰው መከላከያ ነው።

የባሌ ሕዝብ ውሃን የማክበር ልማድ ከጥንት አለው። በኦሮሞ ባህል መልካ፥ ማለት የወንዙ መሻገሪያ፥ የተከበረ ስፍራ ነው፤ ምርቃትና ምስጋናም ይደረግበታል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው በመልካ ላይ መርጫ እንዳይታጠብ ቢወስኑ፥ ውሳኔያቸው ከማስታወቂያ ወረቀት ይልቅ ይከበራል። ሹሙ ይህን ውሳኔ በመዝገብ ይጻፍላቸው፤ የውሃ ኮሚቴውንና ሴቶቹንም በጉባኤው ያስቀምጥ፥ የሚቀዱት እነርሱ ናቸውና።

የገንና ዘር ሳይዘራ፥ በየካቲት ወር፥ የሚከተለው ቢደረግ መልካም ነው። መበጥበጫው ከወንዝና ከምንጭ 50 እርምጃ ያህል ይራቅ። የርጭቱ ቀን በገበያና በየጸሎት ቤቱ አስቀድሞ ይነገር። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ፤ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ በስንዴው ላይ ይረጭ፤ ዕቃውም ተበስቶ ወደ ቀበሌው ማከማቻ ይምጣ እንጂ በማሳ ዳር አይቃጠል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ከሁሉ የከፋውን መርዝ፥ ቀጥሎ ያለው ቢጫው ከዚያ ያነሰውን፥ ሰማያዊውና አረንጓዴው ደግሞ እየቀለለ የሚሄደውን ማመልከቱ ለማያነበው ሰው ይነገረው። በመርዝ የታመመ ሰው ሲገኝ ልብሱ ወልቆ ገላው በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ የመርዙም ዕቃ ከነጽሑፉ አብሮት ወደ ሐኪም ይሂድ።

ለቀረበ አቤቱታም በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይሰጥ። መልሱ አቤት ባዩ በተቀመጠበት ጉባኤ ላይ በቃል ይነበብ፤ የሀገሩም ሰው አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለ ሆነ፥ ንባቡ በኦሮምኛ ይሁን።