አዲስ እንግዳን መቀበል፦ በሥነ ልቦና ምክር የመጀመሪያው ቀን



በዚህ እትም ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይ፣ የሥነ ልቦና ምክር ባለሙያ አንድን የተጨነቀ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀበል የሚከተለውን አሠራር ነው። ይህንንም የምናነሣው እናንተን ባለሙያ ለማድረግ አይደለም። በገጠሩ ቁምስና የተጨነቀ ሰው ከሐኪም በር በፊት የካህኑን ወይም የመምህሩን በር ስለሚያንኳኳ፣ ያ የመጀመሪያ ቀን በእኛ እጅ መልካም ሆኖ እንዲያልፍ ወይም እንዳይበላሽ ስንል ነው።

ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን፣ ከጣርማ በር አልፎ ወደ መንዝ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው መዘዞ በሩቁ ዓለም የምትታወቀው ከመሬቷ በሚወጣው የኦፓል ድንጋይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግን ስሟ በሌላ ምክንያት ተነሣ። ጦርነቱ እስከዚያ ደርሶ ነበርና፣ የፌዴራሉ መንግሥት መዘዞ፣ ሞላሌ፣ ሸዋ ሮቢትና ራሳ ነጻ መውጣታቸውን ያስታወቀው ኅዳር 22 ቀን ነው። ጦርነቱ ከስፍራው ቢርቅም በሰው ልብ ውስጥ የተወው ነገር አብሮት አልሄደም።

በተከታዩ ዓመት ከዚያው አገር የመጡ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀረቡ። (የምንተርከው በምስጢረ ንስሐ የተነገረንን አይደለም፤ እርሳቸውም ፈቅደውልናል፤ ማንነታቸውን የሚገልጠውንም ሁሉ አስቀርተናል።) «አባ፣ ጨጓራዬን ያመኛል፤ እንቅልፍም የለኝ» አሉን። ሌላ ሰው ይጠብቀን ስለ ነበር፣ ነገራቸውን ሳይጨርሱ ስለ ትዕግሥት አስተማርናቸው፣ ኢዮብን ጠቀስንላቸው፣ ጸልየንም አሰናበትናቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ሄዱ፤ ለሦስት ወርም አልተመለሱም። ኢዮብን ስንጠቅስ፣ ወዳጆቹ ሊያጽናኑት በመጡ ጊዜ አስቀድመው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መቀመጣቸውን (ኢዮ. 2፥13) ዘንግተን ነበር። ወዳጆቹ የተሳሳቱት መናገር ከጀመሩ በኋላ ነው።

በምክር ሙያ የሠለጠነ አንድ ወዳጃችን ነገሩን ሲሰማ፣ «ለጨጓራቸው መለሳችሁላቸው እንጂ እርሳቸውን አልሰማችኋቸውም» አለን። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን የመንዝን ሕዝብ ኑሮ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 ላሳተመው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። አገራችን ሰው የሆዱን በሆዱ ይዞ፣ በመጀመሪያ ቀን ሰሙን ያቀርባል። የራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም፣ የልብ መምታት የሚለው ሁሉ ሐሰት አይደለም፤ በእውነት ያመዋል። ነገር ግን ሰሙን ይዞ የሚያሰናብት ሰው ወርቁን አያይም።

ባለሙያው ታዲያ ምን ያደርጋል? በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ካርል ሮጀርስ (1902–1987) ነው። በወጣትነቱ በኒው ዮርክ ነገረ መለኮት ሲማር ቆይቶ ወደ ሥነ ልቦና የተሻገረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰውን የሚለውጠው በዋናነት የአማካሪው ብልሃት ሳይሆን ከሚመከረው ሰው ጋር ያለው ግንኙነት መሆኑን አስረዳ። አማካሪው ሳያስመስል በእውነት ይገኝ፤ ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ያክብር፤ ነገሩንም በዚያ ሰው ዐይን ለማየት ይጣር ይላል። ሮጀርስ «ታማሚ» የሚለውን ቃል ትቶ የመረጠውን ስያሜ ወደ ቋንቋችን ስናመጣው ግን ይቸግረናል። «ደንበኛ» ሱቅ ሱቅ ይላል፤ «ባለጉዳይ» ፍርድ ቤትን ያስታውሳል። እኛ «እንግዳ» ማለትን መርጠናል፤ እንግዳ መቀበልን ማንም አያስተምረንምና።

እንግዳው ሲመጣ ስፍራው ሰው የማይገባበትና የማይሰማበት ይሁን። ወንበሩ እንደ መርማሪ ፊት ለፊት ባይገጥም ይመረጣል፤ በጥቂቱ ጎን ለጎን ሲሆን፣ ማልቀስ የፈለገ ሰው ዐይኑን የሚያሳርፍበት ያገኛል። ባለሙያው ማንነቱን፣ ምን ሊረዳ እንደሚችልና ምን እንደማይችል፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳላቸው (አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው) አስቀድሞ ይናገራል። ከዚያም «ምን አመጣዎት?» ብሎ ይጠይቅና ይጠብቃል። ዝምታው ሲረዝም የሚጨነቀው አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው ነው።

ስለ ምስጢር የምንለው ነገር በጥንቃቄ ይነበብልን። በምስጢረ ንስሐ የተሰማ ነገር በማናቸውም ምክንያት አይገለጥም፤ የ1983ቱ የቤተ ክርስቲያን ሕግ በቀኖና 983 ይህን ደንግጓል። የአማካሪው ምስጢር ጠባቂነት ግን ወሰን አለው፤ ሰውየው ራሱን ወይም ሌላውን ሊገድል ሲቃረብ ሕይወትን ለማዳን ሌሎችን መጥራት ይገደዳል። ይህንንም ሰውየው መናገር ሳይጀምር ይነግረዋል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ደግሞ ንስሐ ተቀባይ አይደለምና፣ ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል አይግባ።

ብዙዎች የሚፈሩት አንድ ጥያቄ አለ። «ሞትን ተመኝተው ያውቃሉ? ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ይዘራል ብለን እኛም እናምን ነበር። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን በርጋታ መጠየቅ አደጋውን እንደማይጨምር ነው፤ ሰሚ ያገኘ ሰው ሸክሙ ይቀልለታል። መልሱ «አዎን» ከሆነ ብቻውን አይሰደድ፤ ቤተ ሰብ ይጠራ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከጦርነትና ከመፈናቀል ለመጣ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ሥራውን በሦስት ቃላት ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ ማድመጥ፣ ማገናኘት። የሆነውን ሁሉ ተርክ ብሎ ማስገደድን ግን ይከለክላል። በቅንነት «ንገረን፣ ይወጣልሃል» የምንለው ሁሉ ቁስሉን ሊያደማ ይችላል። ዳቦና ብርድ ልብስ የሚያስፈልገውንም በምክር ብቻ አንሸኘው።

ምእመናን ይህን ማድረግ ይችላሉ ወይ ለሚለን፣ በዚምባብዌ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዕድሜ የገፉ እናቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያዳምጡ አድርጓል። የእነዚያ እናቶች ሥራ ተጠንቶም ፍሬያማነቱ ተረጋግጧል። ሆኖም ሠልጥነዋል፣ ከበላያቸውም የሚያማክራቸው ባለሙያ አለ። ይህ ሳይኖረን ሐኪም ነን እንዳንል። ጠበል የሚጠመቀውንም ሰው «መድኃኒቱን ተው» አንበለው፤ መድኃኒት የሚወስደውንም ከጠበሉ አንከልክለው።

እኚያ እናት በሦስተኛው ወር ተመለሱ። በሩን ዘግተን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰጠናቸው። ስለ ጨጓራቸው ተናገሩ፤ ቀጥሎ ስለ ጠፋችው ላማቸው፤ ከዚያም ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። በመጨረሻ ያልተመለሰውን ልጃቸውን ስም ጠሩ። በዚያ ቀን ምንም አላስተማርናቸውም። ሊሄዱ ሲነሡ፣ «በሚቀጥለው ማክሰኞ ይመለሳሉ?» ስንላቸው፣ «እመጣለሁ አባ» አሉ፤ መጡም። በሌላ ሳምንት የእኅታቸው ልጅ ይዛቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄዱ።