ክሊኒካል ሳይኮሎጂ፦ አጀማመሩና አሠራሩ

እ.ኤ.አ. በማርች 1896 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ አንዲት መምህርት በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ለሚያስተምራት ላይትነር ዊትመር ስለ አንድ ተማሪዋ አማከረችው። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ በሌሎች ትምህርቶች ከጓደኞቹ አያንስም። ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ ግን ፈጽሞ አልሆነለትም። መምህርቷ ያነሳችው ሐሳብ ቀላል ይመስላል፤ ሳይኮሎጂ የአእምሮ ሳይንስ ከሆነ ይህን ልጅ እንዴት ሊረዳው አይችልም? ዊትመር ግን የተዘጋጀ መልስ አልነበረውም።

ምክንያቱም ሳይኮሎጂ በዚያን ጊዜ የሚያተኩረው በሌላ ጉዳይ ላይ ነበር። ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በጀርመን ላይፕሲግ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ የሚመረመረው የሰው ልጅ አእምሮ አጠቃላይ ሕግ ነው፤ ለምሳሌ ሰው ድምፅ ሰምቶ ወይም ብርሃን አይቶ ምላሽ ለመስጠት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ዊትመርም የዶክትሬት ዲግሪውን በ1892 ያገኘው ከዚያው ነው። የአንድ ግለሰብ ችግር ለብቻው የሳይንስ ጥያቄ ተደርጎ አይታይም ነበር።

ዊትመር ልጁን ተቀብሎ ችሎታዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። የማየት ጉድለት እንዳለበት ተረጋገጠና መነጽር ተገዛለት። መነጽሩ ብቻውን ግን አልበቃም፤ ቃላትን በዓይኑ ለይቶ እንዲያውቅ ልዩ ትምህርት ተሰጠው። (በየክፍላችን «ሰነፍ» ተብለው ከኋላ የተቀመጡት ስንቶቹ ይሆኑ ዓይናቸውን የመረመረላቸው ሰው ያጡት?) በዚያው ዓመት ዊትመር በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂ ክሊኒክ ከፈተ። በ1907 ደግሞ በመሠረተው መጽሔት ላይ ለአዲሱ ሙያ «ክሊኒካል ሳይኮሎጂ» የሚል ስም ሰጠው። «ክሊኒክ» የሚለው ቃል የመጣው አልጋ ከሚል የግሪክ ቃል ሲሆን፣ ዊትመር ከሕክምና የወሰደው አልጋውን ሳይሆን አንድን ሰው በቅርብ የመመርመርን ዘዴ ነው።

ምርመራው እንዲህ ተጀመረ። ሕክምናውስ? በእኛ አስተያየት ከቀደምት ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ያሳተመችው ጥናት ነው። ጴጥሮስ ወይም ፒተር የተባለው፣ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጥንቸል ያስፈራው ነበር፤ የጸጉር ካፖርት፣ ላባና ጥጥም ጭምር። ጆንስ ሕፃኑን የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ በቀፎ ያለች ጥንቸል በሩቁ ታሳየዋለች። ካልተረበሸ በሚቀጥለው ጊዜ ጥቂት ታቀርባለች። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ጥንቸሏ ያለ ጊዜዋ ከቀረበች ምግቡ ፍርሃትን በማጥፋት ፈንታ ፍርሃቱ ወደ ምግቡ ሊዛመት ይችላልና። በመካከሉ ሕፃኑ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣ ትልቅ ውሻ አስደነገጠውና ፍርሃቱ እንደገና አገረሸ። ጆንስ እንደገና ከሩቅ ጀመረች። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏን እየዳሰሰ ጣቶቹን በስሱ ስትነክሰው ዝም ይላት ጀመር።

ይሁን እንጂ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የክሊኒካል ሳይኮሎጂስቶች ዋና ሥራ ፈተና መስጠት ነበር፤ ሕክምናው በሐኪሞች እጅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ አእምሯቸው የተጎዳ ወታደሮች ቁጥር ሲበዛ ሐኪሞቹ ሊበቁ አልቻሉም። በ1949 በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ የተደረገው ጉባኤም ባለሙያው ተመራማሪም አካሚም ሆኖ እንዲሠለጥን ወሰነ።

ሙያው በተስፋፋበት ወቅት አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1952 ሃንስ አይዘንክ የተባለ ሳይኮሎጂስት በንግግር ከሚታከሙት የኒውሮሲስ ሕሙማን መካከል የሚሻላቸው ብዙዎች ቢሆኑም፣ ያለ እንዲህ ዓይነት ሕክምናም ሁለት ሦስተኛው ያህል በሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል ሲል ጻፈ። ቁጥሮቹ አከራካሪ ነበሩ። ነጥቡ ግን ትክክል ነው። ሰው ወደ ባለሙያ የሚሄደው ሕመሙ ሲጠናበት ነው፤ ከዚያ በኋላ በጊዜ ብዛት ብቻም ሊሻለው ይችላል። ስለዚህ «ታከመ፣ ዳነ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ካልታከሙ ተመሳሳይ ሰዎች ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ያህል ጥናቶችን አንድ ላይ አስልተው ሲያወጡት፣ በአማካይ የታከመ ሰው ካልታከሙት 75 በመቶ ከሚሆኑት በተሻለ ሁኔታ ላይ ይገኛል። ይህም ሕክምናው ሁሉንም ይፈውሳል ማለት አይደለም።

ዛሬ አንድ ተማሪ በክፍል ፊት መናገር ፈርቶ ወደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ቢሄድ ምን ይገጥመዋል? በቅድሚያ ረጅም ቃለ ምልልስ፤ ፍርሃቱ መቼ ጀመረ፣ ምን ያባብሰዋል፣ በዚያች ሰዓት ምን ያስባል? አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ያዳበረውን ዘዴ የሚከተል ባለሙያ «ሁሉም ይስቁብኛል» የሚለውን ሐሳብ እንደ መላምት ይይዘውና ተማሪው ራሱ እንዲፈትነው ያደርጋል። መጀመሪያ በአንድ ጓደኛው ፊት፣ ቀጥሎ በአምስት ሰዎች ፊት፣ ከዚያም በክፍሉ ሁሉ ፊት ይናገራል። የጆንስ ጥንቸል ደግሞ በአዲስ መልክ መጣች ማለት ነው። ሳይካትሪስት ሐኪም በመሆኑ መድኃኒት ያዛል፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ግን በአብዛኞቹ አገሮች አያዝም፤ ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩም ይታያል።

መጠይቅም ሌላው መሣሪያ ነው። ድባቴን የሚለካው ፒ.ኤች.ኪው.-9 ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለ ነበረው ስሜት ዘጠኝ ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ነው። የአማርኛው ቅጂ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተፈትሾ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መፈተሹ ግድ ነው። «ሆዴ ባሰኝ» የሚል ሰው የጨጓራ ሕመምተኛ አይደለም፤ የተተረጎመ ጥያቄም እንዲሁ ከታሰበው ውጭ ሊሰማ ይችላል። ታካሚው መጠይቁን በየጊዜው ደጋግሞ ይሞላል፤ ነጥቡ ካልቀነሰ ባለሙያው ዕቅዱን ይለውጣል።