መድኃኒቱ በነጻ፣ ምርመራው በክፍያ፦ ከጭሮ የሚነሣ የደም ካንሰር ታካሚና የጤና መድን ደብተሩ

በጤና ፋይናንስ ጥናቶች ውስጥ የመድኃኒትና የምርመራ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ተደምሮ ይቀርባል። ሁለቱ ሲደመሩ ታካሚው ለምርመራው ብቻ ምን እንደሚከፍል ለይቶ ማየት ይቸግራል። ይህ ጽሑፍ አንድ ሕመም የመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሕመሙ ሥር የሰደደ ማይሎይድ የደም ካንሰር፣ በሐኪሞች አጠራር ሲ ኤም ኤል ነው። መድኃኒቱ በአገራችን ለረጅም ጊዜ በእርዳታ መርሐ ግብር በነጻ ሲሰጥ ስለ ቆየ የዘረመል ምርመራው ወጪ ለብቻው ጎልቶ ይታያል።

የሕመሙ መነሻ በሚገባ የታወቀ ነው። ኖዌልና ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960 በታካሚዎች ደም ውስጥ ያልተለመደ አጭር ክሮሞዞም አገኙ፤ ፊላደልፊያ ክሮሞዞም የተባለውም በተገኘበት ከተማ ስም ነው። ጃኔት ራውሊ በ1973 ክሮሞዞሙ የሚፈጠረው የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ መሆኑን አሳየች። ከዚህ ልውውጥ ቢ ሲ አር-ኤ ቢ ኤል የተሰኘው ዘረመል ይወለዳል። ይህን ዘረመል ዒላማ ያደረገው ኢማቲኒብ በ2001 በአሜሪካ ሲፈቀድ ሕመሙ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን የሚያዝ ሆነ። አምራቹ ኖቫርቲስና ማክስ ፋውንዴሽን በጋራ ባካሄዱት መርሐ ግብር መድኃኒቱ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በኩል ለኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ደርሷል። መርሐ ግብሩ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ ታካሚው ክሮሞዞሙ ወይም ዘረመሉ እንዳለበት በምርመራ መረጋገጥ ይኖርበታል። ስለዚህ በነጻ ወደሚሰጠው መድኃኒት የሚያስገባው በር ምርመራው ነው።

አሁን ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) ላይ እንቁም። የግራ ጎኑ ከብዶት ወደ ጤና ጣቢያ የሄደን፣ ቡናና ጫት የሚያመርት አንድ የገለምሶ ወይም የበዴሳ አካባቢ ገበሬ እናስብ። ጣፊያው አብጧል፤ ተራ የደም ቆጠራም ነጭ የደም ሕዋሱ ከልክ በላይ መብዛቱን ያሳያል። እስከዚህ ያለውን ዞኑ ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ማረጋገጫው ግን ሌላ ምርመራ ስለሚፈልግ የሪፈር ወረቀት ተጽፎለት 325 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ ይላካል።

ይህ ሰው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ቢሆን ምን ይለወጣል? መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 የሙከራ ወረዳዎች ሲጀመር ከኦሮሚያ ከተመረጡት አንዱ ጎረቤታችን የምሥራቅ ሐረርጌው ደደር ነበር። በሙከራው ዘመን የኦሮሚያ መዋጮ ለአንድ ቤተሰብ በወር 15 ብር ነበር። አባሉ የተመላላሽና የተኝቶ ሕክምና ያገኛል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና ለውበት የሚደረግ ሕክምና አይሸፈኑም። የሪፈር ሥርዓቱን ዘሎ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል የወጪውን ግማሽ ራሱ ይከፍል ነበር።

ከማይሸፈኑት መካከል የዘረመል ምርመራ በስም አልተጠቀሰም። እንዲያም ሆኖ አለመጠቀሱ ለታካሚው ብዙ አይጠቅመውም። መድኑ የሚከፍለው ውል የገባ ተቋም ለሰጠው አገልግሎት ነው፤ ተቋሙ ምርመራው ከሌለው የሚያቀርበው ሂሳብ የለም፤ ሂሳብ ከሌለ ደግሞ የሚከለከልም የሚፈቀድም ነገር የለም። ታካሚው ወደ ግል ላቦራቶሪ ሲላክ ደብተሩ በኪሱ ያለውም የሌለውም በአንድ መስኮት ፊት በአንድ ዋጋ ይቆማሉ። የመድኑ ጥቅም ከዚያ በፊት ባሉት እርምጃዎች፣ ማለትም በካርዱ፣ በአልጋውና በደም ቆጠራው ላይ ይቀራል። ይህ ጥቅም ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን ምርመራውን አይነካም።

በነገራችን ላይ የጭሮ መምህር ከገበሬው የተሻለ ዋስትና አለው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ለደመወዝተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢታወጅም፣ ሠራተኛውና አሠሪው ከደመወዝ 3 በመቶ እንዲያዋጡ የሚለው ሥርዓት ለዓመታት ሳይተገበር ቆይቷል።

ዋጋን የሚወስነው መድን ብቻ አለመሆኑን የአሜሪካ ልምድም ያስረዳል። ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡ ዘረመሎችን የሚለየው ምርመራ ሚሪያድ ጄኔቲክስ በባለቤትነት መብት ብቻውን በያዘበት ጊዜ ከ3,000 ዶላር በላይ ያስከፍል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2013 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮ የሚገኝ ዘረመል የማንም ንብረት እንደማይሆን ሲወስን ሌሎች ላቦራቶሪዎች ገቡ፤ በ2015 በ249 ዶላር የሚሰጥ ምርመራ ቀረበ። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት የዓመቱን ድርሻ ከኪሱ መጨረስ ለሚገባው አሜሪካዊ፣ ደብተሩን ሳያሳይ በቀጥታ መክፈሉ የሚረክስበት ጊዜ አለ።

ወደ እኛ እንመለስ። ጂን ኤክስፐርት የተባለውን መሣሪያ የአገራችን ሆስፒታሎች ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይጠቀሙበታል። መሣሪያው የሚያነበው የባክቴሪያውን ዘረመል ነው፤ ታካሚውም አይከፍልበትም። የአንዱ ካርትሪጅ ዋጋ ለታዳጊ አገሮች በተደረገ ስምምነት 9.98 ዶላር ነበር፤ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ወደ 7.97 ዶላር ወርዷል። ቢ ሲ አር-ኤ ቢ ኤልን የሚለካ ካርትሪጅም ለዚሁ መሣሪያ ተሠርቷል። የደሙ ዝግጅት ከአክታው ይልቅ ጥንቃቄና የሠለጠነ ባለሙያ እንደሚጠይቅ አይካድም፤ ሆኖም አዲስ ሕንጻ አያስፈልገውም። ሌላም መንገድ አለ፦ በወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ በሲያትል ወደሚገኘው ፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ማዕከል ልኮ ማስመርመር። በዚህ ጊዜ የሚጓዘው ወረቀቱ ነው፤ ታካሚው እቤቱ ይቆያል።

ጉዞው ቀላል ነገር አይደለም። ምርመራው አንድ ጊዜ ተደርጎ አያበቃም፤ መድኃኒቱ መሥራቱን ለማወቅ የዘረመሉ መጠን በ3ኛው ወር ወደ 10 በመቶ፣ በ6ኛው ወደ 1 በመቶ፣ በ12ኛው ወደ 0.1 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረዱ ይታያል። በየሦስት ወሩ ከተለካ ከመጀመሪያው ማረጋገጫ ጋር በዓመት አምስት ምርመራ ይሆናል፤ ከጭሮ ደርሶ መልሱ 650 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ድምሩ 3,250 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ጉዞ ከፊሉ ለመድኃኒትም የሚደረግ በመሆኑ ሁሉንም በምርመራው ላይ መጫን አይገባም። የአስታማሚው ትራንስፖርትና አልጋ ግን በየትኛውም መድን አይሸፈንም።

በ2009 ዓ.ም. የብሔራዊ ጤና ሂሳብ ጥናት መሠረት ከአገሪቱ የጤና ወጪ 31 በመቶው ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ነው። ይህ አኃዝ የሚመዘግበው የተከፈለውን ነው። ሪፈሩን ተቀብሎ ወደ ገለምሶ የተመለሰው ገበሬ በሂሳቡ ውስጥ ዜሮ ሆኖ ይገባል፤ በመድን መዝገብም እንደ ጤነኛ አባል ይቆጠራል። ስለዚህ በዞናችን የሚደረግ የወጪ ጥናት ናሙናውን በአዲስ አበባ ላቦራቶሪ በር ላይ ከሚወጡት ሰዎች መውሰድ የለበትም። መነሻው በጭሮና በገለምሶ ሆስፒታሎች የሪፈር መዝገብ ቢሆን፣ ነጭ የደም ሕዋሳቸው በዝቶ ከተላኩት ውስጥ ስንቱ ውጤት ይዞ እንደ ተመለሰና ስንቱ ጨርሶ እንዳልሄደ ስም በስም መከታተል ይቻላል።