በመርከብ ታንክ ውስጥ ያለው ናፍጣ በራዳር እንዴት እንደሚለካ

ተማሪ ሆይ፤ በሐራ ገበያ የሚያልፈው መኪና የሚያቃጥለው ናፍጣ ከባሕር ማዶ በመርከብ ተጭኖ ወደ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል፤ ከዚያም በቦቴ ወደ አገራችን ይገባል። ነገር ግን መርከበኛው በታንኩ ውስጥ ያለውን መጠን በትክክል ካላወቀ ወይ ለገዢው ይጎድላል፥ ወይ ሞልቶ በባሕር ላይ ይፈስሳል።

በቀድሞ ጊዜ መርከበኞች የታንኩን ክዳን ከፍተው፥ በጫፉ ክብደት የታሰረበትን ገመድ ወደ ውስጥ አውርደው ይለኩ ነበር። ይህ ሥራ አደጋ አለበት። የቆላ ገበሬ የማሽላ ጉድጓዱን በከፈተ ጊዜ ወዲያው እንዳይገባ ሽማግሌዎች የሚከለክሉት ስለ ምንድን ነው? በውስጡ የታመቀው አየር ሰውን ስለሚገድል ነው። የመርከቡም ታንክ እንደዚሁ ነው። የነዳጁ ተን በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። እሳት እንዳይነሣ ተብሎ በባዶው ቦታ የሚሞላው ኦክሲጅን ያነሰው ጋዝም የሚተነፍሰውን ሰው ይጥላል። ስለዚህ ክዳኑን ሳይከፍቱ የሚለኩበት ጥበብ አስፈለገ። በ1970ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስዊድናውያን ራዳርን ለዚህ ሥራ አዋሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በገደል ፊት ቆመህ ብትጮኽ ድምፅህ ተመልሶ ይሰማሃል፤ ገደሉ በራቀ መጠን ድምፁ ይዘገያል። ራዳሩም በታንኩ ጣራ ላይ ተተክሎ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ይሰዳል፤ ሞገዱም የናፍጣውን ገጽ መትቶ ይመለሳል። ሞገዱ በ1 ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ደርሶ የተመለሰው ከ1 ሴኮንድ 40 ቢሊዮንኛ በሚሆን ጊዜ ከሆነ፥ የሄደው መንገድ 12 ሜትር ነው። ይህም መሄጃና መመለሻ ስለ ሆነ ለ2 ሲካፈል 6 ሜትር ይሆናል። የታንኩ ቁመት 20 ሜትር ቢሆን፥ ከ20 ላይ 6 ሲቀነስ የናፍጣው ጥልቀት 14 ሜትር ነው።

ጥቂት ስሕተት ብዙ ያጎድላል። ርዝመቱ 20 ሜትር፥ ወርዱ 15 ሜትር በሆነ ታንክ የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት 3,000 ሊትር ነው፤ ይኸውም ባለ 200 ሊትር 15 በርሜል ማለት ነው።

ታንኩ ከመቶ 95 እጅ ሲሞላ የማስጠንቀቂያ ደወል ይደወላል፤ 98 ሲደርስ ሁለተኛው ደወል ይደወላል፤ ያን ጊዜ መጫኑ መቆም አለበት። ዳሩ ግን ራዳር ብቻውን አይበቃም። መርከቡ ሲያዘነብል የናፍጣው ከፍታ በአንዱ ወገን ይጨምራል፥ በሌላው ይቀንሳል፤ ናፍጣውም ሲሞቅ ይሰፋል። ስለዚህ ማዘንበሉና ሙቀቱ አብረው ታይተው ይታረማሉ።

ጥያቄ።
1. ክዳን ከፍቶ መለካት የሚያስፈራው ስለ ምንድን ነው?
2. የሞገዱ መሄጃና መመለሻ በድምሩ 8 ሜትር፥ የታንኩ ቁመት 20 ሜትር ቢሆን የናፍጣው ጥልቀት ስንት ነው?