አፍ ሲቃጠል፣ እግር ሲታሰር፦ ስለ ነርቭ ጉዳትና ስለ ጓያ

ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ነርቭ ስንማር መምህራችን አንድ እንግዳ ነገር ነገሩን። አፉ ውስጥ ቁስል ሳይኖር፣ ሚጥሚጣም ሳይቀምስ፣ ምላሱን ለወራት እንደ እሳት የሚያቃጥለው ሰው አለ። ሐኪም አፉን አስከፍቶ ቢያይ ምንም አያገኝም። በመጀመሪያ የስኳር በሽታ፣ የደም ማነስ ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት እንዳለበት ይመረመራል። እነዚህ ከሌሉ ጥፋቱ ከነርቩ ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች ምላስ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ስስ የሆኑት የነርቭ ጫፎች ቁጥራቸው አንሶ ተገኝቷል። የተጎዳ ነርቭ እሳት በሌለበት «እሳት! እሳት!» እያለ ወደ አንጎል መልእክት ይልካል ማለት ነው።

ይኼኔ ከኋላ ወንበር አንድ ጓደኛችን፣ የፎገራ ልጅ ነው፣ እጁን አወጣና «መምህር፣ የእኛን አገር ሰው ነርቭ የሚጎዳው ግን ጓያ ነው» አለ። ግማሾቻችን ሳቅን። መምህራችን አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ጠይቀንና አገላብጠን ያገኘነውን ለአንባብያን እነሆ።

በወረታ ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ መረሬ አፈር ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል። ውኃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ዛሬ ሜዳውን ሩዝ ቢሞላውም ሩዙን ተከትሎ ጓያ መዝራቱ አልቀረም። ጓያን ድርቅም ውኃም አይበግረውም። ችግሩም ከዚሁ ይነሳል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ብቻ ይተርፋል፣ ሰውም እሱን ብቻ ይበላል።

ፍሬው ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለው። ከሌላ ምግብ ጋር ጥቂት ቢበላ አብዛኛውን ሰው አይጎዳም። ዋና ምግብ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ከዘለቀ ግን ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። እግር ይከብዳል፣ ጡንቻ ይገታተራል፣ ሰውየው በእግሩ ጣቶች ጫፍ እየረገጠ፣ እግሩን እያጠላለፈ ይሄዳል። ከምላሱ ሕመም የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ያኛው የስሜት ነርቭ ጉዳት ሲሆን ይኼኛው የእንቅስቃሴ ነው። አእምሮን አይነካም። አይገድልም፤ አይድንምም።

እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በደንቢያና በፎገራ ወረርሽኝ ሆኖ ብዙ ሰው ሰብሯል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በእነዚሁ ወረዳዎች ያጠኑት እ.ኤ.አ. በ1990 ታትሟል። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት ላይ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ሽባ አድርጓል። እዚያ ይበልጥ የተጎዱት ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ የትምህርት ቤት ዕድሜ ያላቸው!

ጓደኛችን ስለ አጎቱ አጫወተን። በመንደሩ ጓያ ሲቀቀል ሰው ከእንፋሎቱ ይሸሻል፣ ገለባውም ላይ አይተኛም፤ በሽታው ከዚያ ይመጣል ይባላል። አጎቱም እንፋሎቱን ሲሸሹ ኖሩ፤ ንፍሮውን ግን በሉ። ዛሬ የሚሄዱት በሁለት ምርኩዝ ነው። መርዙ የሚገባው በመብላት እንጂ በእንፋሎት እንዳልሆነ የነገራቸው አልነበረም።

የሳቅነው ልጆች ይቅርታ ጠየቅነው። እሱ ግን «ይቅርታው ይቅር፤ ለእናቴ የማነብላት ነገር ጻፉልኝ» አለን። የጻፍንለት ይኼ ነው፦ ጓያ ከመብሰሉ በፊት በብዙ ውኃ ይዘፍዘፍ፣ የተዘፈዘፈበት ውኃ ይደፋ። ሲቀቀልም ውኃው ይደፋ። እሸቱ፣ ቆሎውና ንፍሮው ከሁሉ የከፉ ናቸውና እረኞቹ ልጆች ከማሳው እየቀጠፉ እንዳይበሉ። ብቻውን አይበላ፤ ከጤፍ ወይም ከሌላ እህል ጋር ይደባለቅ። መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የሚባል ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጥቷልና ዘሩ ይገኝ እንደሆነ የግብርና ሠራተኛ ይጠየቅ። እግሩ የከበደው ልጅ ካለ ጓያውን በዚያው ቀን ይተው፣ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «እሸቱን የሚለውን ለታናሽ ወንድሜም አነብለታለሁ» አለ።