መሬት የማይነካ ሩጫ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ግራ ቅልጥሜን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ከሩጫ በኋላ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በሩጫው መሀል፤ በመጨረሻ ደረጃ ስወርድም አልለቀኝ አለ። ሰበቡ ግልጽ ነበር፦ በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር የለመደ እግር በአንድ ወር ውስጥ 55 ተጭኖበታል፣ ያውም አብዛኛው አስፋልት ላይ። አጥንት ሲመታ ራሱን ይጠግናል፣ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ፋታ ካልሰጡት በፀጉር ስፋት ይሰነጠቃል። ፊዚዮቴራፒስቷ የተነሳሁትን ምስል አይታ «ስምንት ሳምንት ሩጫ የለም» አለችኝ። ፊቴ ሲቀያየር ያየች ይመስለኛል፣ ቶሎ ብላ ጨመረችበት፦ «የከለከልኩህ ሩጫ ነው እንጂ መንቀሳቀስ አይደለም።»

ያቺ ሁለተኛዋ ቃል ጆሮዬ ገብታ ልቤ ለመድረስ ሳምንት ፈጀባት። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰውነቴ ያለ ማንቂያ ይነቃል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ጓደኞቼ ወደ እንጦጦ ሊወጡ ጫማቸውን እያሰሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ተጎድታችሁ የቀራችሁ ሯጮች ይህን ሰዓት ታውቁታላችሁ። ከቅልጥሙ ይልቅ መቅረቱ ያማል።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፍል ውኃ የሚገባበት አንድ መዋኛ ገንዳ ሄድኩ። ከላይ የሐምሌ ካፊያ፣ ከታች የሚጨስ እንፋሎት። ወገቤ ላይ የሚያንሳፍፍ ቀበቶ ታጥቄ፣ እግሬ ወለሉን ወደማይነካበት ጥልቅ በኩል ገባሁና መሮጥ ጀመርኩ። እጄ ውኃውን ይቧጥጣል፣ ደረቴ ወደ ፊት ይደፋል፣ ከቦታዬ ግን ንቅንቅ የለም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላኝ ትንፋሼ ተቆራረጠ። በየጠዋቱ እዚያ የሚዋኙ አንድ አዛውንት ከዳር ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው ኖሯል።

«ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?» አሉኝ። «ውኃ አይታገሉትም። ደረትህን ቀና አድርግ። ጉልበትህን አንሳና ወደ ኋላ ግፋ።»

«እሺ አባባ» አልኩና ቀና አልኩ። ጉልበቴን አነሳሁ፣ ገፋሁ፣ እንደገና አነሳሁ። ድንገት የማውቀው ምት መጣ። ያው የሩጫዬ ምት ነው፤ የቀረው የኮቴው ድምፅ ብቻ ነው። መሬት ላይ ስንሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ የክብደታችንን ሁለትና ሦስት እጥፍ እግራችን ላይ ያሳርፋል፤ እስከ አንገት ውኃ ውስጥ ስንሆን ግን ከክብደታችን ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን ውኃው ይሸከምልናል። ታዲያ እረፍት እንዳይመስላችሁ! በገፋችሁት ቁጥር መልሶ ይገፋችኋል፤ በፈጠናችሁ መጠን ይከብዳል። አንድ ደቂቃ በኃይል፣ ሠላሳ ሰከንድ በቀስታ፣ አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። ካፊያው ግንባሬን ይመታል፣ ትከሻዬ ይሞቃል፣ የሚቀድመኝ ሰው የለም፣ የምቆጥረው ኪሎ ሜትር የለም። ስወጣ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቴ ላይ ግን ከሰኔ ወዲህ ያልነበረ ፈገግታ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ የሄድኩት ታዝዤ አልነበረም። ናፍቆኝ ነበር።

ከዚያ ሳይክል ተከተለ። የአጎቴን ልጅ ሳይክል ተውሼ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ በአዲሱ የሳይክል መንገድ ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ እሄዳለሁ። የፊት ጭኔ እንዲህ ዓይነት ጡንቻ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

በእነዚያ ቀናት አበበ ቢቂላን ደጋግሜ አስበው ነበር። የሮምንና የቶኪዮን ድል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እምብዛም አናወራም። እ.ኤ.አ. በ1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት ዳግም መራመድ አልቻለም። በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ጨዋታዎች ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት መንሸራተቻ ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶ መንደር ልጅ፣ በበረዶ፣ በውሾች! የእኔን ስምንት ሳምንት ከእርሱ ጋር ላወዳድር አልደፍርም። ግን የዓለም ታላቁ ማራቶን ሯጭ እግሩ አልታዘዝ ካለው በኋላ በማያውቀው ስፖርት ጀማሪ ሆኖ እጁን ዘርግቷል። ይህን ሳስብ ወገቤ ላይ ያለው ቀበቶ ክብር ሆነልኝ።

እናንተም ጉዳት ላይ ከሆናችሁ ዛሬውኑ ሐኪማችሁን «ምን ተከለከልኩ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ተፈቀደልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተጎዳውን ቦታ የሚያሳምም ነገር ከሆነ ያኔውኑ አቁሙ። ርቀትን ተዉትና በደቂቃ ሥሩ። ውኃ ውስጥ የልብ ምት መሬት ላይ ካለው ዝቅ ስለሚል የእጅ ሰዓታችሁን አትመኑ፣ ትንፋሻችሁን ስሙ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያስደስታችሁን ምረጡ፤ ዋናም ይሁን፣ ሳይክልም ይሁን፣ ክብደት ማንሳትም ይሁን። የማትወዱትን ልምምድ ስምንት ሳምንት አትዘልቁበትም።

መስከረም ላይ አንድ ደቂቃ ሮጬ ሁለት ደቂቃ እየተራመድኩ ጀመርኩ። ኅዳር ላይ የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ያለ ሕመም ጨረስኩ። በማግስቱ ሰኞ ማታ ጓደኛዬ ደወለ፦ «ነገ እንጦጦ?»

«ነገ ማክሰኞ ነው» አልኩት። «ይልቅ አንተ ና።»

መጣ። ቀበቶውን አሰርኩለትና ወደ ጥልቁ በኩል ወሰድኩት። ውኃውን በሁለት እጁ መቧጠጥ ሲጀምር፣ አባባ ከዳር ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ?»