ስለ ድረ ገጽ ማረጋገጫ መስኮት አመራረጥ

በድረ ገጽ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ደንበኛው ትእዛዙን ከማጽደቁ በፊት ብቅ ብሎ «ዋጋው ይህ ነው፤ ይስማማሉን?» የሚል መስኮት ያስፈልገዋል። ይህም ሞዳል ይባላል፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስ የኋላውን ገጽ ያግዳል።

ባለሙያው ለዚህ ሥራ ፕለጊን ልግጠም ሲል፣ ነጋዴው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይፈትን። አንደኛ፣ ኤስኬፕ የተባለው ቁልፍ ሲነካ መስኮቱ ይዘጋልን? ሁለተኛ፣ በታብ ቁልፍ ሲኬድ ጠቋሚው አምልጦ ወደ ኋላው ገጽ ይገባልን? ሦስተኛ፣ በትንሽ ስልክ ላይ የመዝጊያው ምልክት ይታያልን? በእነዚህ ጉድለት ቢገኝ፣ በተለይ ማየት የተሳነው ደንበኛ መውጫ ያጣል፤ ሽያጩም ይቀራል።

ደግሞም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ክሮም፣ ሳፋሪና ፋየርፎክስ ሁሉም ዳያሎግ የተባለውን መስኮት በራሳቸው ይዘዋል። ስለዚህ ፕለጊኑ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም ከሌለው፣ ትርፉ ገጹን ማክበድ ብቻ ነው። በቤት ያለ ዕቃ ከገበያ አይገዛምና አስቀድሞ ይጠየቅ።